ካሜራ የደረሰበትና ያልደረሰበት፦ የመሐመድ አሚን የዜና ሕይወት ከባሌ ሲታይ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የቴሌቪዥን ዜና ባለሙያ ሕይወት ነው። ሰውየው ኬንያዊ ነው፤ መሐመድ አሚን ይባላል። ስሙ የገነነው በኮረም እንጂ በባሌ አይደለም። ታዲያ የባሌን ታሪክ የሚያስተምር ሰው ስለ እርሱ ምን አገባው የሚል ጥያቄ ከወዲሁ ሊነሣ ይችላል። የውጭው ዓለም በአእምሮው የያዘው የኢትዮጵያ ሥዕል አብዛኛው ክፍል በዚህ ሰው ካሜራ ያለፈ ነው። ያ ካሜራ ለምን ወደዚያ ሄደ፣ ወደዚህስ ለምን አልመጣም የሚለው ደግሞ በዕድል የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። በመንገድ፣ በአውሮፕላን፣ በይለፍ ወረቀትና በገበያ የሚመለስ፣ ምክንያቱ ተፈልጎ ሊገኝ የሚችል የታሪክ ጥያቄ ነው። የአሚንን ሕይወት በዝርዝር ስንመለከት መልሱ ራሱ እየተገለጠ ይመጣል።

መሐመድ አሚን ነሐሴ 23 ቀን 1935 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ ከፑንጃብ ከመጣ የሙስሊም ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ዳሬሰላም ከተዛወረ በኋላ፣ ልጁ ገና ተማሪ ሳለ፣ ቦክስ ብራውኒ የምትባለው ርካሽ የሣጥን ካሜራ እጁ ገባች። ሃያ ዓመት ሊሞላው ግድም ሲሆን ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት እዚያው ዳሬሰላም አቋቋመ። በጥር 1956 ዓ.ም. የዛንዚባር አብዮት ሲፈነዳ ታሪኩ የተፈጸመበት ደሴት ከደጁ ነበር፤ የውጭ ጋዜጠኞች ከለንደን ተነሥተው እስኪደርሱ እርሱ እየቀረጸ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ዛንዚባር እስር ቤት አስገባችው፤ አንድ ወር ለማይሞላ ጊዜ ታስሮ ከአገር ተባረረ፤ ሥራውንም ወደ ናይሮቢ አዛወረ። ሰኔ 28 ቀን 1961 ዓ.ም. የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ ናይሮቢ መንገድ ላይ በጥይት ሲመቱም ፈጥኖ ደረሰ፤ በዚያ ሥራውም በብሪታንያ የዓመቱ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ ተብሎ ተሸለመ። የኢዲ አሚንን ኡጋንዳ፣ ከዚያ የተባረሩትን እስያውያን፣ የአህጉሪቱን መፈንቅለ መንግሥቶች ሁሉ እያነሣሁ ጊዜያችሁን አልወስድም። የሚጠቅመን ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር መረዳቱ ነው።

አሚን በአብዛኛው የሚሠራው ቪስኒውስ ለተባለው ለንደን ለሚገኝ የዜና ፊልም ድርጅት ነበር። ይህ ድርጅት ቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበረም፤ ፊልም ለጣቢያዎች የሚያከፋፍል ጅምላ ነጋዴ ነበር ብንል አንሳሳትም። ካሜራ የያዘው ሰው ምስሉን ይልካል፤ በየአገሩ ያሉ ጣቢያዎች የየራሳቸውን ድምፅና የየራሳቸውን አነጋገር ጨምረው ያሳያሉ። ስለዚህ ሚሊዮኖች የአሚንን ሥራ ሲያዩ ስሙን አይሰሙም። በቴሌቪዥን ዓለም ስም የሚያወጣው ማይክሮፎን ይዞ ከምስሉ ፊት የሚቆመው ዘጋቢ ነው። ምስሉን ያገኘው፣ የይለፍ ወረቀቱን ያስፈረመው፣ አውሮፕላኑን የለመነው ግን ከኋላ ያለው ነው። ስለ ቴሌቪዥን ዘጋቢ ሕይወት ስናገር ባለድምፁን ትቼ ባለካሜራውን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ነገር ፍጥነት ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የዜና ፊልም በከረጢት ታሽጎ በመንገደኛ አውሮፕላን ይጓዝ ነበር። ከሁለት ባለሙያዎች የተሻለ ፊልም ያነሣው ቀድሞ ላይታይ ይችላል፤ የሚቀድመው ፊልሙን ቀድሞ የሚነሣው አውሮፕላን ላይ የጫነው ነው። አሚን ከሁሉ በላይ የተካነበት ይኸ ነበር። የአየር መንገድ ሠራተኞችን፣ የጉምሩክ ሹሞችን፣ የሚኒስትር ጸሐፊዎችን በስም ያውቅ ነበር። ወዳጆቹ ሲያደንቁት፣ ተፎካካሪዎቹ ነጋዴ ነው ይሉት ነበር። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል፤ እንደ እኔ አስተያየት ነጋዴነቱ ባይኖር ድፍረቱ ብቻውን የትም ባላደረሰው ነበር።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዕለት ነው፤ ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ያን ዕለት ባሌ ምን ላይ ነበረች? ከኤል ከሬና ከደሎ በኩል የተነሣው የገበሬና የአርብቶ አደር ዐመፅ ከተቀጣጠለ ቆይቷል። የመሬት ልኬቱ፣ ግብሩ፣ ግብር መክፈል ያቃተው ሰው መሬት እየተወረሰ ለሌላ መሰጠቱ፣ በዚያም ላይ በእምነትና በቋንቋ የደረሰው መገፋት ተደማምሮ የወለደው ዐመፅ ነው። ዋቆ ጉቱ ከሚመሩት ወገን ጋር ሌሎችም አዝማቾች ነበሩ። መንግሥት እግረኛ ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላን አሰማራ፤ የጊዜያዊ አስቸኳይ ሁኔታ ዐወጀ። በመጨረሻም በ1962 ዓ.ም. ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ባካሄዱት ድርድር ዋቆ ጉቱ እጃቸውን ሰጡ። ሰባት ዓመት ገደማ ነው።

እንግዲህ ዘመኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከእነዚህ ሰባት ዓመታት ከአምስት የሚበልጡት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ባለበት ያለፉ ናቸው። አሚንም በእነዚሁ ዓመታት ናይሮቢ ላይ ሆኖ የምሥራቅ አፍሪካን ዜና ለዓለም ይሸጥ ነበር። ናይሮቢና ባሌ በካርታ ላይ ሩቅ አይደሉም። ነገር ግን የባሌ ገበሬ ጦርነት በቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። በአገር ውስጥ ቴሌቪዥኑ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነበር፤ በዚያ ላይ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አልፎ የሚያየው አልነበረም። ለውጭው ጋዜጠኛ ደግሞ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ያለው ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ፣ ከጎባ ወዲያ እስከ ደሎና እስከ ገናሌ ያለው ቁልቁለት፣ ከዚህ ሁሉ በላይ የመንግሥት ፈቃድ ነበረ። ጦርነቱ ደግሞ ምስል ይሆናል ተብሎ የሚጠበቅ ዓይነት አልነበረም፤ ዋና ከተማ አልተያዘበትም፣ ሚኒስትር አልተገደለበትም፣ ለንደን ወይም ዋሽንግተን የሚያውቀው ስም አልነበረበትም። ናይሮቢ መንገድ ላይ አንድ ሚኒስትር ሲገደሉ የዓለም ዜና ሲሆን በሐረና ጫፍ መንደር ሲቃጠል ዜና አይሆንም ነበር።

ዜና ጨርሶ አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። ከሞቃዲሾ በኦሮምኛ የሚተላለፈው ሬዲዮ እዚህ ደጋ ላይ ሳይቀር ይደመጥ ነበር። ይህ ሬዲዮ የራሱ ዓላማ የነበረው የጎረቤት መንግሥት መሣሪያ ነው፤ የታሪክ ምንጭ አድርገን ስንይዘው በጥንቃቄ መሆን አለበት። ቢሆንም ሰዎች ስለ ራሳቸው ሁኔታ በራሳቸው ቋንቋ የሚነገር ዜና ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት በዚያ ነው። ምስል ግን አልነበረውም።

ምስል በኢትዮጵያ ፖለቲካ ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የታየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ የአሚንን ሥራ ለመረዳት ይህን መዝለል አይቻልም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ መንግሥት ጉዳዩን ሸፋፍኖ ለማለፍ ሞከረ። ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው በመመለስ በግቢያቸው ለሕዝብ ዐውደ ርእይ ያሳዩት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። ይህን ተማሪዎቼ በብዛት አያውቁትም፤ ሁሉም የሚያውቀው ጆናታን ዲምብልቢን ነው። ወጣቱ እንግሊዛዊ ዘጋቢ የሠራው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ታየ፤ እርዳታ አስገኘ፤ መንግሥታችንንም በዓለም ፊት አዋረደ። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ግን በኢትዮጵያውያን መምህራን እጅ የተነሡ ነበሩ።

የዲምብልቢ ፊልም ሁለተኛ ሕይወት ነበረው። ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሊያወርድ በተዘጋጀበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ፊልሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በመካከሉ ግን የቤተ መንግሥት ግብዣና የድግስ ምስሎች እየተቆራረጡ ገብተውበት ነበር፤ በአንድ በኩል የሚራብ ሕፃን፣ በሌላ በኩል የተትረፈረፈ ማዕድ። በማግሥቱ ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት ወጡ። በዚያ ምሽት ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ወሬው ግን በአንድ ሌሊት ተዳረሰ። እንግዲህ ያው ምስል በአንዱ እጅ ሰውን ለማዳን፣ በሌላው እጅ መንግሥትን ለመጣል አገለገለ። ዲምብልቢ ፊልሙን ሲሠራ ይህን ሁለተኛ አገልግሎት አላሰበውም ነበር።

ደርግም ትምህርቱን በሚገባ ቀስሟል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሰሜኑ እንደገና ሲደርቅ ካሜራን የሚፈራው ራሱ ሆነ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በታላቅ ድግስ ይከበር ነበር፤ የቀለም ቴሌቪዥን ለአገራችን የገባውም ለዚያው በዓል ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን፣ በወቅቱ ኮሚሽነር በነበሩት በሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት፣ ከወራት በፊት ጀምሮ ለጋሾችን ሲማጸን ቢቆይም፣ ለውጭ ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን መሄጃ ፈቃድ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ለዚህም ነው የቢቢሲው ማይክል በርክ በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ 1976 ዓ.ም.፣ ስለ ኢትዮጵያ ረኀብ የመጀመሪያውን ዘገባ የሠራው ከሰሜን ሳይሆን ከደቡብ፣ ከወላይታ የሆነው። ያ ዘገባ ገንዘብ አሰባስቧል፤ ዓለምን ግን አላነቃነቀም።

ቆም ብለን ይህን እናስተውል። አንድ ዘጋቢ፣ በአንድ ዓመት፣ ስለ አንድ አገር ረኀብ ሁለት ጊዜ ዘገበ፤ የደቡቡ ተረሳ፣ የሰሜኑ የዘመኑ ምልክት ሆነ። ለልዩነቱ የሰሜኑ ረኀብ ስፋት ዋናው ምክንያት መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ብቸኛው ምክንያት ያ አይመስለኝም።

በዓሉ አለፈ። አሚን በአዲስ አበባ ያሉትን ግንኙነቶቹን ሁሉ ተጠቅሞ የሰሜኑን ፈቃድ በእጁ አስገባ። ከበርክ ጋር፣ በወርልድ ቪዥን አውሮፕላን አጋዥነት ወደ መቐለና ወደ ኮረም ተጓዙ። ኮረም ላይ ያነሣውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል፤ ያላያችሁትም ያያችሁት ያህል ታውቁታላችሁ። ጎሕ ሲቀድ፣ በብርድ ጉም በተሸፈነው ሜዳ ላይ፣ በነጠላና በበርኖስ የተጠቀለለ ሕዝብ ከመሬት ይነሣል፤ የማይነሡም አሉ። ካሜራው አይቸኩልም። ብዙ የዜና ባለሙያ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ፊት ለፊት እየሮጠ የሚያለቅስ ሰው ይፈልጋል፤ አሚን ግን ሜዳውን በስፋት፣ በዝምታ፣ በዝግታ አሳየው። በርክም በጽሑፉ ቃላት ቆጠበ፤ ረኀቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ጋር አነጻጸረው። በመቐለ ደግሞ የቀይ መስቀል ነርስ የነበረችው ክሌር በርቺንገር ከተራቡት ሕፃናት ማንን እንደምትመግብና ማንን እንደማትመግብ ለመምረጥ ስትገደድ ታየች።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ዘገባው በቢቢሲ ወጣ፤ በዚያው ዕለት የአሜሪካው ኤንቢሲም አሳየው። ቪስኒውስ በጅምላ ሲያከፋፍለው በዓለም ዙሪያ ከ400 በላይ ጣቢያዎች አስተላለፉት። ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ ከቤቱ ሆኖ ካዩት አንዱ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ የባንድ ኤይድ ዘፈን ተቀረጸ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ላይቭ ኤይድ በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። ከዚያ የተገኘው እህልና መድኃኒት የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ይህን አቅልሎ የሚናገር ሰው ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ፤ ከአዳራሽ ወንበር ላይ ሆኖ ካሜራን መተቸት ቀላል ነው።

ትችቱ ግን አለ፤ የታሪክ ተማሪም ሊያውቀው ይገባል። በዚያ ረኀብ ያለቀው ሕዝብ በተለያዩ ግምቶች ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። ረኀቡ ከባድ የነበረው ጦርነት በነበረበት፣ ገበያ በተዘጋበት፣ መንገድ በተቆረጠበት አካባቢ ነው። ምስሉ ግን ይህን አላሳየም። የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመንን የሚያስታውስ ሥዕል ሲቀርብ ተመልካቹ የሚያየው ሰማይንና ምድርን ነው፤ ሹምን፣ ጄኔራልንና ዐማፂን አያይም። አሚን ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። እርሱ የያዘው የይለፍ ወረቀት ወደ መጠለያው የሚያስገባ እንጂ ወደ ጦር ግንባሩ የሚያስገባ አልነበረም። ፈቃድ የሰጠው መንግሥት ምስሉን አላረመም፤ ካሜራው የት እንደሚቆም ግን አስቀድሞ ወስኗል። በእኔ አስተያየት የዜና ታሪክ ተመራማሪ ማንበብ ያለበት ዋናው ሰነድ ዘገባው ሳይሆን የይለፍ ወረቀቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውም ይኸንኑ ያረጋግጣል። እርዳታው እየገባ ሳለ መንግሥት 600,000 ያህል ሰዎችን ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ አሠፈረ፤ ይህ በውጭ ጋዜጠኞች ብዙ ተዘገበ፣ ብዙም ተወገዘ። ትክክል ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀድሞ፣ ከሶማሊያ ጦርነት ማግሥት ጀምሮ፣ የባሌ ገበሬ ከየቀዬው እየተነሣ በመንደር ምሥረታ በመስመር ወደተተከሉ መንደሮች ገብቶ ነበር። መንደር ምሥረታ በአገሪቱ በስፋት የተጀመረው በባሌ ነው፤ ሐረርጌ፣ አርሲና ሸዋ የተከተሉት በኋላ ነው። ቤቱን አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ የሄደ አባት፣ ከብቱን ከግጦሹ ያራቀ አርብቶ አደር፣ የመቃብር ቦታውን ትቶ የወጣ ቤተሰብ በዚህ አዳራሽ ውስጥም ይኖራል ብዬ አስባለሁ። በዚያን ጊዜ ባሌ የጦር ቀጣና ነበረች፤ ጋዜጠኛ የሚመጣበት ምክንያትም ፈቃድም አልነበረም። አገሪቱን ያዳረሰ ፖሊሲ መጀመሪያ የተፈተነበት ሕዝብ በዓለም የዜና መዝገብ ውስጥ አንዲት ደቂቃ አልተሰጠውም።

አንዳንዶቻችሁ ካሜራ ወደ ባሌ መጥቷል፣ እኛም በቴሌቪዥን አይተናል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ለማን እንደመጣ ግን እንይ። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮን ለመቅረጽ የውጭ ባለሙያዎች ሲመላለሱ ኖረዋል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ሲቀሩ ከግማሽ የሚበልጡት እዚሁ መሆናቸው፣ የደጋ አጋዘኑ፣ እስከ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ፣ ሁሉም ለካሜራ የተገቡ ናቸው፤ ፓርኩም በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእነዚያ ፊልሞች ላይ ግን ሰው አይታይም፤ ከታየም ከብት እየነዳ የቀበሮውን መኖሪያ የሚያጠብ ሆኖ ነው። በ1992 ዓ.ም. የሐረና ደን ሲቃጠል ባሌ በዜና ገባች፤ ከውጭ አገር የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ እሳት ለማጥፋት ዘመቱ። በዚያው ሰሞን የዓለም ካሜራ ወደ ጎዴ ረኀብ ዞረ። እሳቱ ሲጠፋ ዜናውም አብሮ ጠፋ።

ወደ አሚን ልመለስ፤ የሕይወቱ መጨረሻ ከአገራችን ጋር ክፉኛ የተቆራኘ ነው። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ሳምንት ሳይሞላ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በከተማይቱ የጥይትና የፈንጂ መጋዘን ፈነዳ። አሚን ፍንዳታውን ለመቅረጽ በቦታው ነበር፤ ማይክል በርክም አብሮ ነበር። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። አሚን የግራ እጁን አጣ። ለካሜራ ባለሙያ እጅ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ሰውየው ግን ሰው ሠራሽ እጅ ተገጥሞለት ካሜራ የሚይዝበትን ዘዴ ፈጥሮ በወራት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። ካሜራፒክስም በዚህ ሁሉ መካከል መጻሕፍት ያሳትም ነበር፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች ላይ ተሳፋሪ የሚያገላብጠው ሰላምታ መጽሔት የእርሱ ድርጅት ሥራ ነበር። ረኀባችንን ለዓለም ያሳየው ሰው ለጎብኚ የሚሆነውን መልካችንንም ሲያሳትም ኖሯል። ይህ እርስ በርስ የሚጋጭ ይመስላል፤ ለአሚን ግን ሁለቱም ሥራ ነበሩ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በሚበረው በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ተሳፈረ። የሥራ ባልደረባው፣ ጸሐፊው ብራያን ቴትሊም አብሮት ነበር። ሦስት ወጣቶች አውሮፕላኑን ጠልፈው ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢያስረዱም አልሰሟቸውም። ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ጠፉ፤ አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ዳርቻ ባሕሩ ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ አሚንና ቴትሊ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ካፒቴኑና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ተርፈዋል። የተረፉት እንደተናገሩት አሚን እስከ መጨረሻው ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋር ይከራከር ነበር።

አውሮፕላኑ ውኃውን በክንፉ ሲነካና ሲሰባበር የሚያሳየው፣ ዓለም ሁሉ ደጋግሞ ያየው ምስል በባሕሩ ዳርቻ ለዕረፍት በመጣች አንዲት ጎብኚ እጅ የተቀረጸ ነው። የዜና ባለሙያ አልነበረችም፤ በአጋጣሚ ካሜራ ይዛ ነበር። የአሚን ዘመን ያከተመው በዚያ ደቂቃ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በፈቃድ ወረቀት፣ በተከራየ አውሮፕላንና በግንኙነት መረብ የሚገኝ የነበረው ምስል ከዚያ ወዲህ በቦታው የተገኘ ሰው ሁሉ ሊያገኘው የሚችል ሆነ። ዛሬ የእያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ።

ይህ ለወደፊቱ የባሌ ታሪክ መልካም ዜና ነው፤ ላለፈው ግን አይረዳም። የአሚን ፊልምና ፎቶግራፍ ናይሮቢ ውስጥ በካሜራፒክስ ተጠብቆ ይገኛል፤ ልጁ ሳሊም አሚን ይመራዋል፣ ስለ አባቱም ፊልም ሠርቷል። ከዛንዚባር እስከ ኮረም ያለውን የሚጽፍ ሰው የሚሄድበት ቦታ አለው። የ1955ቱን ዐመፅ የሚጽፍ ተማሪ ወዴት ይሂድ? በአስተዳደርና በፍርድ ቤት መዛግብት ውስጥ የመንግሥትን ድምፅ ያገኛል፤ ዐማፂው እዚያ የሚገኘው ሽፍታ ተብሎ ነው። የገብሩ ታረቀን ጥናት ያነብባል፤ ጎጃምን፣ ባሌንና ትግራይን አነጻጽሮ የጻፈው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ስለሆነ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሰው ነው። ገራርሳ የሚያዜሙ አሉ፤ ጦርነቱን በልጅነታቸው ያዩ፣ ስንቅ ያቀበሉ፣ በሌላው ወገን ወታደር ሆነው ከዚያ በጎባ የቀሩ አሉ። ዋቆ ጉቱ በ1998 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ጃገማ ኬሎም በ2009 ዓ.ም. ተከትለዋቸዋል። በ1955 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሆነው ሰው ዛሬ ሰማንያውን አልፏል።

በዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ስለ ላይቭ ኤይድ ለመጻፍ ፈቃድ የሚጠይቁኝ ተማሪዎች አሉ፤ ምንጩ በኢንተርኔት በቀላሉ ይገኛልና አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደሎ መና፣ ወደ ጎሮ፣ ወደ ዲንሾ የሚሄድ፣ አባቶችን በኦሮምኛ የሚጠይቅ፣ ድምፃቸውንና ፊታቸውን የሚቀርጽ፣ ማን መቼ የት እንደተናገረ መዝግቦ ለቤተ መጻሕፍታችን የሚያስረክብ ተማሪ እፈልጋለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ የባሌ ምስል ባለመኖሩ የሌላውን መዋስ እየተለመደ ነው። ስለ ባሌ ዐመፅ በሚናገሩ የማኅበራዊ መገናኛ ቪዲዮዎች ላይ ከሌላ አገርና ከሌላ ዘመን የተነሡ ተዋጊዎች ሲታዩ፣ የኮረም ሕፃናትም ስለ ሌላ ድርቅ ሲባል ሲወጡ አያለሁ። ስዕሉን የለጠፈው ወጣት ክፉ አስቦ አይደለም፤ ባዶውን ቦታ መሙላት ፈልጎ ነው። ነገር ግን ያ ሕፃን የእናት ልጅ ነበር፣ ያነሣውም ሰው፣ ያነሣበትም ቀን ይታወቃል። ስለዚህ ከእኔ ጋር የሚሠራ ተማሪ ያልነበረ ምስል በሌላ ምስል አይተካም፤ በምስሉ ቦታ የተናጋሪውን ድምፅ ያኖራል።

የመቅረጫ መሣሪያ ስለ መዋስ፣ ቃለ ምልልስ ከማድረግ በፊት ስለሚጠየቀው ፈቃድና አባቶች ስማቸው እንዳይጠቀስ ሲፈልጉ ስለሚደረገው ጥንቃቄ በጥያቄና መልሱ ጊዜ እንነጋገራለን። አሁን ቅድሚያውን ከፊት ለተቀመጡት አባቶች እሰጣለሁ፤ እባካችሁ ማይክሮፎኑን አቀብሏቸው።